ልጆች የመሬት ስፋትን በማሳ ላይ ይማሩ

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ብዙው ማሳ የተለካው በገመድ ነበር። ገመድ ግን ርዝመትን እንጂ ስፋትን አይናገርም። ስፋትን የሚያወጣው ሂሳብ ነው።

በዳባት ወይም በደባርቅ ደጋ ዙሪያቸው 200 ሜትር የሆነ ሁለት ማሳዎች ቢኖሩ ለዓይን እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። አንደኛው 50 በ50 ሜትር ከሆነ 2500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው። ሁለተኛው 90 በ10 ሜትር ከሆነ ግን 900 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ወንድማማቾች በዙሪያ ለክተው ቢካፈሉ አንደኛው ይበደላል። ለሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢታዘዝም ለመጀመሪያው 25፣ ለሁለተኛው 9 ኪሎ ይበቃል።

ርዝመትን በወርድ ማባዛትን ተማሪ በቃሉ ቢይዝም በማሳ ላይ ካልሞከረው አይጠቅመውም። ማዕዘኑ የተዛባ ባለ አራት ጎን ማሳ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ገመድ ሲወጠርበት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የእያንዳንዱ መሠረት በከፍታው ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል፤ ከዚያ ይደመራል። በተዳፋት ላይ ገመዱ አግድም ተወጥሮ ይለካል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከመምህራን ጋር ተመካክረው፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ገመድና ችካል አቅርበው፣ ልጆች በማሳ ላይ እንዲማሩ ሊያደርጉ ይገባል። ዛሬ የአባቱን ማሳ በትክክል የለካ ልጅ ነገ የድንበር ክርክርን በቁጥር ይፈታል።