ዘግይቶ የሚደርስ ምጽዋት

ምጽዋት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን በቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ፥ በእግሩ ጠርዝ የሚረግጥ ጎልማሳ ለልመና ተቀምጧል። ያማረ የለበሰው ሁሉ ሳንቲም ይጥልለትና ጽድቅ ሠራሁ ብሎ ደስ እያለው ያልፋል። ያ ሳንቲም ሠላሳ ዓመት ዘግይቷል።

በሐዋርያት ሥራ ላይ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረ ሰው ታሪክ አለ። ሰዎች ዕለት ዕለት ተሸክመው ከመቅደሱ ደጅ ያኖሩት ነበረ። ለዚያ ሰው ተስፋው ተአምር ብቻ ነበረ፤ ለእኛ ልጆች ግን ጀሶ አለ።

በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ያህል እግሩ ቆልማማ ሆኖ ይወለዳል። ምክንያቱ በውል ባይታወቅም፥ የእናት ኃጢአት ወይም በእርግዝና ጊዜ የታየ የፀሐይ ግርዶሽ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ፥ በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን ደሴት በሜኖርካ የተወለደ ሐኪም፥ በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፥ በትልቅ ቀዶ ሕክምና የተቃና እግር ከዓመታት በኋላ ደርቆ ሲያሳምም ተመለከተ። ስለዚህ እግርን ያለ ብዙ ቢላዋ ማቅናት ይቻላል ብሎ አስተማረ፤ ለረጅም ዘመን ግን የሰማው ጥቂት ነበረ። ሐኪሙ የሕፃኑን እግር በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ያዞርና በጀሶ ይይዘዋል። በየሳምንቱ ይፈታል፥ ጥቂት ጨምሮ ያዞራል፥ እንደገና ያስራል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጅማቱን በማደንዘዣ ቆርጦ ለ3 ሳምንት የመጨረሻውን ጀሶ ያደርግለታል፤ ጅማቱም ረዝሞ ይገጥማል።

የዚያን ጎልማሳ ወላጆች አልወቅስም፤ በዘመናቸው ይህ ሕክምና በአገራችን አልተስፋፋም ነበርና። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ አለ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከሚሰጡት አንዱ ነው። ታዲያ «ሲያድግ ይቃናል፤ ወጌሻ ይሸው» የሚሉት ያልተማሩት ብቻ ቢሆኑ ባልተቆጣሁ። በሲኤምሲና በገርጂ ፎቅ ቤት የሠሩት ናቸው፥ አራስ ጠያቂ ሲመጣ የልጃቸውን እግር በፎጣ የሚሸፍኑት!

የዳሌ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ስውር ነው፤ ከመጋጠሚያው የወጣ ዳሌ ሕፃኑን አያሳምመውምና። በመቀመጫዋ የመጣች ወይም በኩር የሆነች ሴት ልጅ በተለይ ልትመረመር ይገባታል። ሐኪሙ ጭኖቿን ከፍቶ በእጁ ይዳስሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ ራጅ ሳይሆን አልትራሳውንድ ያሳያል። እግርን አጥብቆና ዘርግቶ መጠቅለል ዳሌን ይጎዳል። አያቶቻችን በአንቀልባ ሲያዝሉን ግን ጭናችን ተከፍቶ ስለ ነበረ፥ ሳያውቁት ጠቅመውናል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በመምህርነቴ ዘመን እግሩ የዞረ አንድ ተማሪ ዘወትር ያረፍድ ነበርና ከበሩ አጠገብ አቆመው ነበር። እግሩን አያለሁ፤ መንገዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም። በዓመቱ አጋማሽ መምጣቱን ተወ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ዓመት በገርጂ ከጎረቤቴ ቤት እግሩ ቆልማማ ወንድ ልጅ በተወለደ ጊዜ ስለዚህ ነው ሳልጠራ የገባሁት። በ6 ጀሶ እግሩ ቀና። ከዚያ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ተሰጠው፤ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፥ ከዚያም እስከ 4 ዓመቱ በእንቅልፉ ጊዜ የሚያደርገው። ይህ ጫማ ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይዞራል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም ልጁ የዳነ ሲመስለው ነው። አያቲቱም፥

«መምህር፥ ድኖ ሳለ ልጁን እንደ በቅሎ ለምን ታሳስሩታላችሁ?» አሉኝ።

«እትዬ፥ እግሩ የድሮውን መንገድ ገና አልረሳም» ብላቸው ተቆጡ።

ማታ ማታ ማሰሪያውን የምታጠብቀው እናቲቱ ናት። አያቲቱ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን ፊታቸውን አዙረው ይቀበላሉ።