«ለጊዜው» ስለምትባለው ቃል

በዳባትና በደባርቅ ስለ ባዶ ወንበርና ስላልተጠበቀ ሹመት ወሬ ሲነሣ ሽማግሌዎች የሚያወሱት ደጃዝማች አያሌው ብሩን ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲሞቱ በጌምድር ያለ ገዥ ቀረ። በዚያ ጦርነት ከመንግሥት ወገን ሆነው የተዋጉት የሰሜንና የወገራ ገዥ ደጃዝማች አያሌው ራስ ተብለው ግዛቱ እንደሚሰጣቸው ተስፋ ያደርጉ ነበር። በጌምድር ግን ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ። አዝማሪ በዚህ ጉዳይ ያለውን ወላጆቻችን ስለሚያውቁት እኔ አልደግመውም። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያከራክረን ሹመቱ ከሁለቱ መኳንንት ለማን ይገባ ነበር የሚለው ነው፤ የወገራን ገበሬ ማን ጠየቀው የሚል ግን አልሰማሁም።

ይህ የአገር ገዥ ወንበር ነው እንጂ የሕግ አውጭ ወንበር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዳሩ ግን በማግሥቱ ዓመት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ፥ የሕግ አውጭውም ወንበር የተሞላው በዚሁ መንገድ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ይመርጣሉ ተባለ። እንግዲህ ይህችን «ለጊዜው» የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ ምርጫው የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። የጠላት ወረራ አምስት ዓመት ቢቀነስ እንኳ «ለጊዜው» ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ሕዝቡ መምረጥ መቻሉን የሚመረምረው ማን ነበር? ያው ሿሚው ነው። ተፈታኙ ሳይጠራ ፈተናው ተራዘመ ማለት ነው።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት ይህችው ቃል ሌላ መልክ ይዛ እናገኛታለን። በአሜሪካ በ1905 ዓ.ም. የጸናው አሥራ ሰባተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሴኔት አባሎችን ሕዝቡ ይምረጥ ብሎ፥ ወንበር በድንገት ባዶ ቢሆን ግን ሕዝቡ እስኪመርጥ ድረስ አገረ ገዥው ለጊዜው ሰው እንዲሾም የየግዛቱ ምክር ቤት ሊፈቅድለት ይችላል ይላል። የጆርጂያው ሴናተር ቶማስ ዋትሰን በ1915 ዓ.ም. መስከረም ሲሞት፥ አገረ ገዥው ቶማስ ሃርድዊክ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ የ87 ዓመት አሮጊት የነበሩትን ወይዘሮ ሪቤካ ፌልተንን ሾመ። በአሜሪካ ሴኔት ከእርሳቸው በፊት ሴት ተቀምጣ አታውቅም።

ይህን ያነበበ ሁሉ «እሰይ!» ይላል። ነገር ግን ውስጡን እንየው። ሃርድዊክ ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የተቃወመ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ወንበር ለራሱ ይመኘዋል፤ ስለዚህ የሴቶቹን ቅያሜ ማብረድ ነበረበት። ምርጫው እስኪደርስ ሴኔቱ ስለማይሰበሰብ ወይዘሮዋ ጉባኤውን ሳይረግጡ ይቀራሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። (ወይዘሮዋም ቢሆኑ እንከን የለሽ አልነበሩም፤ ለሴቶች መብት ሲሟገቱ ኖረው፥ ጥቁሮች ያለ ፍርድ እንዲሰቀሉ በአደባባይ የተናገሩ ናቸው።) ወንበሩን ግን ሃርድዊክ ሳይሆን ዋልተር ጆርጅ በምርጫ አሸነፈ፤ እርሱም ተራውን ጥቂት አቆይቶላቸው፥ ወይዘሮ ፌልተን ኅዳር 12 ቀን፥ እኛ የኅዳር ሚካኤልን በምናከብርበት ዕለት፥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የቆዩት 24 ሰዓት ብቻ ነው።

እኔ የምቀናው በወይዘሮዋ አይደለም፤ በ24 ሰዓቷ ነው። ሿሚው ምንም ያስብ ምን፥ ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ስለ ነበር «ለጊዜው» እውነተኛ ለጊዜው ሆነች። በአገራችን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950ው ምርጫ ወደ ምክር ቤት የገቡት የማንም ስጦታ ሆነው ሳይሆን በመራጭ ድምፅ ነው፤ ለእኔ ይህ ከፌልተን ይበልጣል።

ዛሬ በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ወንበር አገረ ገዥ አይሞላውም፤ ለጎደለው ወንበር የማሟያ ምርጫ ይደረጋል። ይህ መልካም ነው። ግን ባዶ ወንበርም የራሱ «ለጊዜው» አለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተመራጮቹ አንገባም ያሉባቸው ወንበሮች የማሟያ ምርጫ ያገኙት በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። በጦርነቱ ምክንያት በ2013 ምርጫ ያልተደረገባቸው የትግራይ 38 ወንበሮችም፥ በዚያ ዓመት ምርጫ የተቋቋመው ምክር ቤት ሥራ ሲጀምር ባዶ ነበሩ። የሰው ሹመት ሳይኖርም ሕዝብ ያለ አፍ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ምርጫ ገንዘብ ይፈጃል፤ አስተዋይ ሰው ቢሾም ምን አለበት?» ይላሉ። አስተዋይ ሰው ሊሾም እንደሚችል አልክድም። ግን የተሾመ ሰው ጉዳይ ሲገጥመው ወዴት ያያል? ወደ ሾመው ነው። በየትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ «ለጊዜው» የተሰየመ የክፍል አለቃ ሰኔ ድረስ ሲያዝ፥ ስም ሲመዘግብም ዓይኑ ወደ ተማሪው ሳይሆን ወደ መምህሩ እንደ ሆነ የማናውቅ ማን ነን?

ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ፥ ከወረዳችን የተመረጠ እንደራሴ ቢሞት ወይም ቢለቅ፥ ወንበሩ ባዶ በሆነ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረግ። ክረምት ነው፥ የቆላው መንገድ ጭቃ ነው የሚል ቢኖር፥ ወንበሩ በሰኔ ቢጎድል ስድስት ወሩ የሚያልቀው በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዙ ጎድሏል፥ መንገዱም ደርቋል።