«በነፃ» የተላከ ሪያል ኮን ሲደርስ ስንት ነው?

ከወልዲያ ወደ ጋሸና በሚወስደው የቻይና መንገድ ላይ የምትገኘው ኮን፣ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ገብስ፣ ምስርና በግ የሚሸጥባት ደጋ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ባለሱቁም፣ ደላላውም፣ ቤት የሚሠራውም የሪያልን ዋጋ ከገብሱ ዋጋ ባልተናነሰ ይጠያየቃሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከላስታና ከዋድላ ደጋ ልጁን ወይም እህቱን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሰደደ ቤተሰብ ብዙ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ከለበሰው ቤት፣ ከተከፈተው ሱቅ፣ ከተገዛው ባጃጅ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የቤት ሠራተኛ ወይም አንድ እረኛ አለ።

ከጅዳ ወይም ከሪያድ ስልክ ሲደወል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው። «ለመላኪያ ስንት አስከፈሉሽ?» ይባላል። «ምንም፣ በነፃ ነው እማዬ» የሚል መልስ ሲሰማ ሁለቱም ወገን ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ነጋዴ እንጂ በጎ አድራጊ አይደለም፤ በኮሚሽን ያልወሰደውን በምንዛሪ ይወስዳል። ኮሚሽኑ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይታያል። በተመኑ ውስጥ የተቆረጠው ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ «ተቀናሽ» ተብሎ አይሰፍርም።

የዓለም ባንክ የሐዋላ ዋጋ ሲያጠና ሁለቱን፣ ማለትም ኮሚሽኑንና የምንዛሪውን ልዩነት፣ ደምሮ የሚቆጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ስሌት 200 ዶላር ለመላክ የሚጠየቀው የዓለም አማካይ ዋጋ ለዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ የሚላከው ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተስማሙበት የልማት ግብ ይህ ዋጋ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል ተብሎ ታቅዷል። ዕቅዱ መልካም ነው፤ ኮን ላይ ያለው ተቀባይ ግን 2030ን ሳይጠብቅ ሂሳቡን በራሱ ማውጣት ይችላል።

ሂሳቡ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ3 ሪያል ከ75 ሃላላ ታስሮ የቆመ ገንዘብ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድርሃምም እንዲሁ ከ1997 ወዲህ ከ3.6725 አልተነቃነቀም። ስለዚህ የዕለቱን የዶላር ዋጋ የሰማ ሰው በ3.75 ቢያካፍል የሪያሉን ልክ ያገኛል። ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። ሪያሉ 40 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ልክ 1000 ሪያል ያለ አንዳች ቅናሽ 40,000 ብር ይሆናል።

አሁን ሁለት ድርጅቶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው «ያለ ኮሚሽን» እያለ ሪያሉን በ38 ብር ከ60 ሳንቲም ይመነዝራል። ሁለተኛው 15 ሪያል ኮሚሽን ይቆርጥና የቀረውን በ39 ብር ከ70 ሳንቲም ያስባል። 1000 ሪያል የሰጠች ልጅ በመጀመሪያው በኩል 38,600 ብር፣ በሁለተኛው በኩል 39,104 ብር ከ50 ሳንቲም ታደርሳለች። «ነፃው» ድርጅት 3.5 በመቶ ወሰደ፤ ኮሚሽን ያስከፈለው ግን ከ2.3 በመቶ ያነሰ። ልዩነቱ ከ500 ብር በላይ ነው።

ነገር ግን ያቺው ልጅ የላከችው 200 ሪያል ብቻ ቢሆንስ? ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያው 7,720 ብር፣ በሁለተኛው 7,344 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል፤ ኮሚሽን የጠየቀው ድርጅት ከ8 በመቶ በላይ ቆረጠ ማለት ነው። ሁለቱ የሚመጣጠኑት 540 ሪያል አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የምትልክ ልጅ «ነፃ» የተባለው ያዋጣታል፤ ከዚያ በላይ የምትልክ ደግሞ ኮሚሽን መክፈሉ። በየወሩ በትንሽ በትንሹ ከመላክ የሁለትና የሦስት ወሩን አጠራቅሞ መላክ ብዙ ጊዜ የሚሻለውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ እርግጥ ቤት ያለው ሰው መጠበቅ የሚችል ከሆነ።

ለነገሩ የላስታ ሰው ይህን ትምህርት ከባንክ መማር አይጠበቅበትም ነበር። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ በሰቆጣ ገበያ በኩል ያልፍ የነበረው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደድ እንደነበር፣ ጠርዙ የተሸረፈውም እንደ ሙሉው እንዳማይቆጠር የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ አሳምሮ ያውቅ ነበር። የማሪያ ቴሬዛውን ብርም ቢሆን ፊቱን ሳያይ፣ ጌጡን ሳይመረምር አይቀበልም። የዛሬው ልጁ በስልኩ መስታወት ላይ «ነፃ» የሚል ቃል ሲያይ መመርመሩን የተወበት ምክንያት አይገባም።

ጥቁሩ ተመን ማን ይከፍለዋል?

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለባንክ ሰው ነው፤ ኮን የሚገባው ሪያል በእጅ ነው የሚመጣው» የሚል ይኖራል። ሐዋላ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ለሁለት ተከፍሏል፤ ባንኩም ሥራውን ሐዋላ ይለዋል፣ ባለሱቁም። የባለሱቁ ሐዋላ ለምን እንደገነነ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ብር ለረጅም ዘመን በአንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ተቸንክሮ ኖረ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 5 ብር ወረደ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. እንደገና በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲደርስ የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን የጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ 1000 ሪያል በባንክ የላከች ልጅ እናቷ እጅ የሚገባው 15,200 ብር ገደማ ነበር፤ በእጅ ብትልክ ግን 30,000 ብር ያህል። ይህ 3 በመቶ ወይም 8 በመቶ የሚባል ዋጋ አይደለም፤ ግማሽ ነው። «ለአገራችሁ ስትሉ በባንክ ላኩ» የሚለው ምክር ሰሚ ያጣው ሕዝቡ አገሩን ስለጠላ አልነበረም። ለድሃ ልጅ ይህን ያህል ግብር የጣለ ሕግ አውጪ ቢኖር ምክር ቤት ያልፍለት አይመስልም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። የሁለቱ ገበያ ልዩነትም በአንድ ጊዜ ጠበበ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ሲሰፋም ሲጠብም ታይቷል። ዋናው ነጥብ ግን የቀድሞው ሂሳብ ማብቃቱ ነው። ልዩነቱ እጥፍ በነበረበት ጊዜ ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም ነበር። ልዩነቱ በመቶ ጥቂት ሲሆን ግን የደረሰኙ ዋጋ መታሰብ ይጀምራል።

በእጅ የሚመጣው ገንዘብ አመጣጡን ላስተዋለው ሪያሉ ከጅዳ አይነሳም። እዚያው ይቀርና ከዱባይ ወይም ከቻይና ዕቃ ለሚያስመጣ፣ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ላላገኘ ወይም የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ ላስመዘገበ ነጋዴ ይከፈላል። ነጋዴው በለውጡ እዚህ አገር ብር ይሰጣል፤ ያ ብር ነው ኮን ባለችው እናት ሂሳብ ውስጥ የሚገባው። እንግዲህ ከባንኩ በላይ የተጨመረላትን ብር የከፈላት አስመጪው ነው። አስመጪው ደግሞ ከኪሱ አይከፍልም፤ በጫማው፣ በቆርቆሮው፣ በስልኩ ላይ ይጭነዋል። ቆርቆሮውን የምትገዛው ማን ናት? ያቺው እናት። የተጨመረላት ብር ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ ግን በዚያው ሳምንት ወደ ሱቅ ይመለሳል። ሳዑዲ ልጅ የሌላት ጎረቤቷ ደግሞ ጭማሪውን ሳታገኝ የተወደደውን ቆርቆሮ ትገዛለች። ስለ ጥቁር ገበያ ሲነሳ የዚች ጎረቤት ነገር ተረስቶ ይቀራል።

የሐዋላው ባለሱቅ የማይጽፈው ሌላም ወጪ አለ። ብሩ የሚገባው ከማይታወቅ ሰው ሂሳብ ነው። መንግሥት በጥቁር ገበያ የጠረጠራቸውን ሂሳቦች በተለያየ ጊዜ አግዷል። የላኪው ሂሳብ ሲታገድ «ይህ ብር ከየት መጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ተቀባይዋ ዘንድም ሊደርስ ይችላል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ክስ የሚመሠረትበት ወረቀት የለም። ይህን በመቶኛ ማስላት ያዳግታል፤ ዜሮ አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ነው። በሌላ በኩል የባለሱቁን ውለታ መካድም አይገባም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላስታና ዋድላ በጦርነት ውስጥ ሲወድቁ ባንክም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ባንክ በሌለበት ቀን የባንክ ተመን ትርጉም የለውም።

ከደጋው ወደ ውጭ የሚወጣ ገንዘብም መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ የሚጓዝ ልጅ ያለው ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ለደላላ ይከፍላል፤ ልጁ መንገድ ላይ ከተያዘም ማስለቀቂያ ይጠየቃል። ክፍያው በብር፣ አገር ውስጥ ባለ ሂሳብ ይፈጸማል። እዚህ ላይ ተመኑን የሚናገረው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ተከራካሪ የለም። በወሎ ደጋ ከሚፈጸም ምንዛሪ ሁሉ የዚህን ያህል ውድ የለም።

ታዲያ ባንኮቹ ደንበኛ ከፈለጉ ምን ያድርጉ? የዕለቱን የዶላር መግዣና መሸጫ በሰሌዳ መለጠፋቸው ብቻ አይበቃም። የኮን ሰው ዶላር አይቀበልም፤ የሚላክለት ሪያል ነው። ሪያሉ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ቀጥሎ ወደ ብር በሚለወጥበት ጊዜ አስተላላፊው በ3.75 ፈንታ 3.80 ቢያስብ ከ1 በመቶ በላይ እንደ ቀልድ ይጠፋል፤ ይህንንም የባንኩ ሰሌዳ አይናገርም። ስለዚህ «ዛሬ ጅዳ 1000 ሪያል የከፈለ ሰው እዚህ ይህን ያህል ብር ይደርሰዋል» የሚል አንድ መስመር፣ ከየአስተላላፊው ስም ጋር፣ በየቅርንጫፉ ይለጠፍ። ብሔራዊ ባንክም ቢያስገድድ ከሥልጣኑ አልወጣም። «በነፃ» የሚለው ማስታወቂያም የምንዛሪ ልዩነቱን ካልገለጸ እንደማንኛውም አሳሳች ማስታወቂያ ይታይ። ተመኑ ከተለቀቀ ወዲህ ነዋሪው ከውጭ በተላከለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል፤ ይህም በገጠር ቅርንጫፎች ቢነገር አይከፋም።

እስከዚያው በስልክ የሚጠየቀው ጥያቄ ሊለወጥ ይችላል። «ስንት አስከፈሉሽ» ቀርቶ «በጠቅላላው ስንት ሪያል ከእጅሽ ወጣ» ይባል። ኮን የደረሰው ብር ለዚያ ይካፈልና የዕለቱ ዶላር በ3.75 ተካፍሎ ከተገኘው ጋር ይተያይ። 1000 ሪያል ወጥቶ 39,100 ብር ከገባ እያንዳንዱ ሪያል በ39 ብር ከ10 ሳንቲም ሄዷል፤ የዕለቱ ልክ 40 ብር ከነበረ የመላኪያው ዋጋ 900 ብር ነው፤ ደረሰኙ ላይ ዜሮ ተብሎ ቢጻፍም።