ባለ ሁለት ድንጋዩ ካሜራና ያልታጠቡት ዓመታት

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጎፋ ሰፈር ነው። የክፍለ ከተማችን ስም ግማሹ የመጣው ከአንድ መሣሪያ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ የነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ በሕዝብ አፍ «ንፋስ ስልክ» ተባለ፤ የቴሌግራፍ ዘመን ካለፈ በኋላም ስሙ በአገሩ ላይ ቀረ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ መሣሪያ ነው። ይህኛው በየቤታችን ገብቶ፣ በየሠርጋችንና በየክርስትናችን ታድሞ፣ ስም እንኳ ሳይተክል ያለፈ ነው፤ ትንሿ ዲጂታል ካሜራ።

ካኖን የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፓወርሾት ኤ» እያለ የሚያወጣቸው ካሜራዎች ነበሩ። ኤ510 እና ኤ520 እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤ530 እና ኤ540 በ2006፣ ኤ460 ደግሞ በ2007 ወጡ። ከኩባንያው ካሜራዎች ሁሉ ዋጋቸው ዝቅ ካሉት ወገን ነበሩ። እነዚህ የጠቀስኳቸው ሁሉ የሚሠሩት በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው። ይህ ለሌላው ዓለም ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ መብራት ውሎ አድሮ በሚመጣበት ሰፈር ግን ቻርጀር የማይጠይቅ ካሜራ በረከት ነበር። ከጉልት አጠገብ ካለችው ሱቅ ሁለት ድንጋይ ገዝቶ መሄድ ነው። እርግጥ ነው፣ ርካሹ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ ካነሣ በኋላ ይደክማል። ያን ጊዜ ለራዲዮ እንደለመድነው ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዴም በጥርሳችን ነክሰን፣ ሁለት ሦስት ፎቶ እንለምነው ነበር።

ከዚያ በፊት ፎቶ መነሣት ሥነ ሥርዓት ነበር። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ እያንዳንዱ ይቆጠራል፤ ይታጠባል፤ ይከፈልበታል። ስለዚህ ሰው ለፎቶ ይለብሳል፣ ይቆማል፣ እጁን ያጣምራል፤ ፈገግታውን ግን ይቆጥባል። ትንሿ ካሜራ ይህን ሥርዓት አፈረሰችው። በባለ 5 ሜጋፒክስሏ ካሜራ፣ 1 ጊጋባይት ካርድ ላይ 400 ያህል ፎቶ ይገባል። መሳሳት ገንዘብ ማስከፈሉ ቀረ። ፎቶ አንሺው ባለሙያ መሆኑ ቀርቶ የቤት ልጅ ሆነ። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ፣ አባቶቻችን በወንበር ላይ ሲያንቀላፉ፣ ሕፃናት ሲያለቅሱ መታየት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ሰዎች ይህን ለውጥ ለመረዳት አንቸገርም፤ ከውዳሴ ወደ ልብ ወለድ እንደ መሻገር ያለ ነበር።

የእኛን ቤት ካሜራ፣ ኤ460ን፣ ከውጭ የመጣች እኅቴ ይዛልን መጣች። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እናቴ ቄጤማ በተጎዘጎዘበት በረንዳ ላይ ቡና ልታፈላ ተቀምጣ፣ አንዲት ጎረቤታችን በነገረቻት ቀልድ ከልቧ ስትስቅ አነሣኋት። «ተው አንተ ልጅ፣ ባልተሰናዳሁበት!» አለችኝ። ቆይታ ግን «እስቲ አሳየኝ» አለች። ከክብሪት ቀፎ በማትበልጠው መስታወት ላይ ራሷን አየችና ጥቂት ዝም አለች። «ይቺ እኔ ነኝ? እንዲህ ስስቅ ራሴን አይቼው አላውቅም» አለች።

ያ ፎቶ ዛሬ የለም።

የጠፋው እንዲህ ነው። የጎረቤት ሠርግ ደረሰና ካርዱ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ከካርዱ አጠፋኋቸው። ከዓመት በኋላ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ታመመ። የሚጠግነው ልጅ «ፎርማት ላድርገው ነው፤ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልኩት። ግጥሞቼን በፍላሽ ዲስክ አወጣሁ። ያልጨረስኳቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ አወጣሁና «በል ቀጥል» አልኩት። እናቴ ትዝ አላለችኝም። በሕይወት ነበረችና፣ በየቀኑ አያት ነበርና፣ ፎቶዋ የሚያስፈልገኝ ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

በ2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ለለቅሶው ድንኳን ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ነበር። እሱን አስፋፍተን ሰቀልነው። ፍላሽ ያስደነገጣት፣ የተቆጣች የምትመስል ሴት ከግድግዳው ላይ ታየናለች። ለቀስተኛው ሁሉ «አትመስልም» ይል ነበር። እውነት ነው፤ አትመስልም።

አባቴና እናቴ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ፎቶ ቤት የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ዛሬም አለ። ሁለት መንግሥት ሲለወጥ፣ ሦስት ቤት ስንቀይር፣ ጣሪያ ሲያፈስ ኖሯል። ጀርባው ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ «ለማስታወሻ» የሚል ቃልና ቀኑ ሰፍሯል። ለዚያ ፎቶ ማንም የተለየ ጥንቃቄ አላደረገለትም። ወረቀት ስለ ሆነ ብቻ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ያሉት ዓመታት ከዚያ በፊት ካለፉት ሁሉ ይልቅ ብዙ ፎቶ ያነሣንባቸው፣ ከዚያው ውስጥ ግን እጅግ ጥቂቱን ያስቀረንባቸው ናቸው። ከፊታቸው አልበም አለ፤ ከኋላቸው የእጅ ስልክ አለ። መካከሉ በተበላሹ ኮምፒውተሮች፣ በተጫጫሩ ሲዲዎችና በጠፉ ካርዶች ውስጥ የቀረ፣ ያልታጠበ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘ መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ተዘጋጅቶ ታትሟል። ነገ አንድ ሰው የእኛን ዓመታት እንዲሁ ልሰብስብ ቢል ከየትኛው መሳቢያ ያገኛቸዋል?

ጥፋቱን በካሜራዋ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። እሷ የታዘዘችውን ሠርታለች። ያጎደልነው እኛ ነን፤ ማየትን ከማስቀመጥ ጋር አምታታነው። የአገራችን ጸሐፍት ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። ብራና ጽኑ ነው፤ ቢሆንም እሳትና ውኃ ያጠፉታልና ደጋግመው ገለበጡት። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በፊልም ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ለዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። የጥንቱም የዘመኑም ጠቢባን የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ለመጥፋት ቀን የሚጠብቅ ነገር ነው።

«ዛሬ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥልናል፤ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ይኖራል። ስልክ ይሰረቃል፤ የይለፍ ቃል ይረሳል፤ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ቁልፉን ይዞት ይሄዳል። ከዚያም በላይ አሥር ሺህ ፎቶ መካከል የተቀበረን አንድ ፎቶ ማን ይፈልገዋል? እናቴ ሳጥን ውስጥ የነበረው አልበም ሃያ ገጽ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይገለጣል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከነታሪኩ ይተረካል።

ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማትና በመልሶ ግንባታ የአዲስ አበባ መልክ በፍጥነት ተለውጧል። ያደግንባቸው ግቢዎች፣ የቆርቆሮ አጥሮች፣ ዕድር የተቀመጥንባቸው ሜዳዎች አንድ በአንድ ሄደዋል። ልማቱን ደግፈንም ተቃውመንም፣ እዚያ እንደ ነበርን የሚመሰክሩልን የቤት ልጆች በትንሿ ካሜራ ያነሧቸው ተራ ፎቶዎች ናቸው።

የፓወርሾት ኤ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጡት በኋላ ተከታይ አላገኙም። ስልክ ተተካቸው። ዛሬ በሌላው ዓለም ወጣቶች እነዚህን አሮጌ ካሜራዎች መልሰው ሲፈልጉ እሰማለሁ፤ የፎቶው መልክ አምሯቸው ነው። እኔ የምለምናችሁ ግን ካሜራውን እንድትፈልጉ አይደለም፤ ካርዱን እንድትፈልጉ ነው። መሳቢያችሁን ክፈቱ። የተጣሉ ኮምፒውተሮችን ሆድ ዕቃ አስመርምሩ። ያገኛችሁትን ገልብጡ፤ ከመካከሉም ሃያውን ብቻ መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ ጀርባው ላይ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተነሣ በእጃችሁ ጻፉ።

ያን ቀን በፍላሽ ዲስክ ያዳንኳቸው ግጥሞች ዛሬም አሉኝ። አንዳንዶቹ ስለ እናት ናቸው። ሁሉንም ሰጥቼ ያንን አንድ ሣቅ ብመልሰው በወደድሁ።

ቸር ይግጠመን።