ካርቱም፦ የቤት ጠባቂው ጠመንጃ እና የሰገነቱ መነጽር

የሱዳን ጦር እ.አ.አ. በመጋቢት 2025 ምሥራቅ ካርቱምን ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) ካስለቀቀ ወዲህ፣ ከሪያድ ሠፈር ጎን የሚገኘው አል-ጣኢፍ ነዋሪዎቹን ቀስ በቀስ መቀበል ጀምሯል። ለተመላሾቹ የተዘረፈው ቤት ብቻ አይደለም ሐሳብ የሆነባቸው። ዳግም ቢመጡብንስ በምን እንከላከላለን የሚለው ጥያቄም አለ።

ጥያቄው ከላይ የመጣም ነው። ጄነራል አብደል ፈታህ አል-ቡርሃን ጦርነቱ በተቀሰቀሰ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ 2023፣ አቅም ያላቸው ወጣቶች ወደ ሠራዊቱ ገብተው አልያም በያሉበት መኖሪያ ሆነው እንዲከላከሉ ጥሪ አቅርበው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዋድ መደኒ በአርኤስኤፍ እጅ ስትወድቅ ደግሞ «ሕዝባዊ ተቃውሞ» የተባለው ሲቪሎችን የማስታጠቅ እንቅስቃሴ ተስፋፋ።

«ራስን መከላከያ» የሚለው ስም ግን ሁሉንም ጠመንጃ አንድ አያደርግም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአፈሙዙ ይልቅ በማነጣጠሪያው ነው። እንደ አል-ጣኢፍ ባለ የመኖሪያ ሠፈር ከበር እስከ መንገዱ ማዶ ያለው ርቀት በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ነው። ለዚህ ክላሽንኮቭ ይዞት የሚመጣው የብረት ማነጣጠሪያ ይበቃል። ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 1,000 ሜትር የሚደርስ ምልክት ቢቀረጽም፣ በዚያ ርቀት የቆመው ሰው ታጣቂ ይሁን ውኃ ቀድቶ የሚመለስ ጎረቤት በባዶ ዓይን መለየት አይቻልም። የሚያቀርብ መነጽር በአንጻሩ የእይታውን አድማስ ያጠብባል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት በሩ ላይ ለቆመ ሰው ብዙም አይረዳም። የሚጠቅመው ሰገነት ላይ ወጥቶ ጎዳና ለሚዘጋ ሰው ነው። የካርቱም ነዋሪ ደግሞ የአልሞ ተኳሾችን ጎዳና ያውቀዋል፤ ዳቦ ፍለጋ ወጥተው ያልተመለሱ ጥቂቶች አይደሉም።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሐምሌ 2024 ያወጣው ዘገባ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ድርጅቱ በሱዳን ካገኛቸው መሣሪያዎች መካከል የሩሲያው ካላሽኒኮቭ ኩባንያ የሚሠራቸው «ቲግር» እና «ሳይጋ» ጠመንጃዎች፣ የቱርክ የአደን መሣሪያዎችም ይገኙበታል። ለሲቪል ገበያ የሚቀርቡ ናቸው። ይሁንና ቲግር የድራጉኖቭ ጠመንጃ የአደን ልጅ ነው፤ ድራጉኖቭ ደግሞ እ.አ.አ. በ1963 በሶቭየት ሠራዊት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው አራት እጥፍ ከሚያቀርብ መነጽር ጋር ነበር። አዳኝ የሚባለውን ከአልሞ ተኳሽ የሚለየው በአብዛኛው ወረቀቱ ነው።

ሕጉም በዚሁ ክፍተት ያልፋል። ሩሲያና ቱርክ አባል የሆኑበት የዋሰናር የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ስምምነት፣ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ የማያቀርብ፣ ኤሌክትሮኒክ ምስል የማያቀናብርና ለወታደራዊ አገልግሎት ተለይቶ ያልተሠራ መነጽርን ከዝርዝሩ ውጭ አድርጎታል። ለሚዳቋ አዳኝ የታሰበ ምሕረት ነው፤ በካርቱም ጎዳና ስፋት ሲለካ ግን አራት እጥፉም ይተርፋል። የጸጥታው ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ከ2004 ጀምሮ የሚመለከተው ዳርፉርን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ማዕቀብ መላውን ሱዳን ይሸፍናል፤ ሻጮቹ ግን ከአውሮፓ ብቻ አይደሉም።

ቡርሃን በሐምሌ 2025 የታጠቁ ቡድኖች ከዋና ከተማዋ እንዲወጡ አዝዘዋል። ትእዛዙ ጦር ሰፈር ላለው ቡድን ይሠራ ይሆናል። በአልጋ ሥር የተቀመጠውን የቤት ጠመንጃ የሚነካው ግን አይመስልም። የመተማን መንገድ ይዘው ከካርቱም የወጡ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ወደ ቀድሞ አሠሪዎቻቸው ቤት ለመመለስ ሲያስቡ፣ በሩን ማን እንደሚከፍትላቸው ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባው ምን እንደተቀመጠም መጠየቃቸው አይቀርም።