በብርዱ ወራት ጓሮአችን ለምን ጦሙን ያድራል?





እኛ የአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞች ጓሮአችንን የምናስታውሰው ሰኔ ሲገባ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ መሬቱ እስከሚመጣው ክረምት ጦሙን ያድራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ብርድ ነው፤ ውኃም የለም» እንላለን። ነገር ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ለጓሮ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቅጠሉ ልናገር። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ መነሻ በማድረግ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ጥራጊ እናቃጥላለን። ግቢን የማጽዳቱ ልማድ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ደረቅ ቅጠልና ሣር አብሮ ሲነድ፣ በሰኔ በገንዘብ የምንፈልገውን ማዳበሪያ በገዛ እጃችን ጢስ እናደርገዋለን። በዚያው ቀን 1 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቅጠሉን ከወጥ ቤት ልጣጭና ከፍግ ጋር እየደራረብን፣ ጥቂት አፈር አልብሰን፣ ርጥበቱን እየጠበቅን አልፎ አልፎ ብናገላብጠው፣ ክረምቱ ሳይገባ ጥቁር ለም አፈር ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን በቶሎ ስለማይበሰብስ አይግባበት። ጉድጓዱም ለልጆች አደጋ እንዳይሆን ይከደን።

ሁለተኛው ስለሚዘራው ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ የደጋውን ብርድ ይችላሉ። ድንችንና ቲማቲምን ግን ውርጭ ያቃጥላቸዋል፤ እነዚህን ማታ ጆንያ ወይም ገለባ አልብሶ ጧት ማንሣት ይገባል። ውኃውንም ጧት ማጠጣት ይሻላል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ሳሙና ያልነካው ውኃ ለአንድ ትንሽ መደብ ብዙ ይረዳል፤ በአትክልቱ ሥር ገለባ ከተነጠፈም ርጥበቱ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ በክረምት ለምንተክለው ችግኝ ጉድጓዱን አፈሩ ሳይጠነክር በጥቅምት መቆፈር ድካም ይቀንሳል። ግቢ የሌለው የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪም ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ፣ ከሥሩ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ቆስጣ ሊያበቅል ይችላል።

«የብዕር ሰው ዶማ አይይዝም» የሚሉ አይጠፉም። እኔን ያሳደጉኝ የሚስዮን መምህራን መጽሐፍና ዶማ ባንድ ቀን ያስይዙን ነበር፤ ብዕሬም በዚህ ምክንያት አልዶለዶመም። የወር ደመወዝ ወር አላደርስ ሲል ከጓሮ የሚቀነጠስ ጎመን ቀላል ርዳታ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። አባት ዶማ ለመያዝ ሲያፍር ያየ ልጅ ስለ ሥራ ክብር በክፍል ውስጥ የምንነግረውን ሁሉ እንደ ተረት ይሰማዋል፤ እኛም መምህራን ይህን ብቻችንን ልናቃናው አንችልም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሰኔን ሳንጠብቅ ከነገዋ ቅዳሜ ጀምረን ከልጆቻችን ጋር አንድ መደብ እንቆፍር እላለሁ።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ