እማዬ በየት በኩል ትምጣ?

የዋሽንግተን ዲሲና የአካባቢው ሐበሻ ሦስት ኤርፖርት አለው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ደለስና ናሽናል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የቦልቲሞሩ። ለወላጆቻችን ቲኬት ስንቆርጥ ግን አብዛኞቻችን ቀድመን የምናየው ዋጋውን ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ መቶ ሃምሳ ዶላር ይቀንሳል ብዬ በአውሮፓ ዞራ ኒውዮርክ እንድትገባ፣ ከዚያም በሌላ አውሮፕላን ቦልቲሞር እንድትመጣ አደረግሁ።

አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ የሚያልፈው መጀመሪያ በረገጠው ኤርፖርት ነው። ሻንጣውን እዚያው ተረክቦ፣ አስፈትሾ፣ ለቀጣዩ በረራ እንደገና ማስረከብ አለበት። ይህን እያወቅሁ ለእናቴ አላስረዳኋትም። ጉልበቷን የሚያማት፣ እንግሊዝኛ የማትናገር ሴት፣ በርበሬና ሽሮ የሞላቸውን ሁለት ሻንጣዎች እየገፋች በር ስትፈልግ አውሮፕላኑ አመለጣት። እኩለ ሌሊት ላይ ቦልቲሞር ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ልጄ፣ ሁለተኛ በዚህ መንገድ አታምጣኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ለወላጅ የምመክረው ደለስን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ፣ በዚያ ስስ አየር ሙሉ ጭነትና ለዚህ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል፤ ወደ አሜሪካ ሲመጣ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላውም ለዚህ ነው። ቢሆንም እናታችሁ አውሮፕላን አትቀይርም። ፓስፖርቷን የምታሳየውም ሻንጣዋን የምትረከበውም አንዴ ብቻ ነው፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ እናንተ አላችሁ። አገር ቤት ላለ ሰው ደለስና የቴክሳሱ ዳላስ አንድ ስለሚመስሉት፣ ሁልጊዜ «ዋሽንግተን ደለስ» ብላችሁ ንገሩ። ሁለቱም ጋ ዘመድ ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልትቀበሉ ስትሄዱ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ነፃ መጠበቂያ መኪናችሁ ውስጥ ቆዩ፤ እናታችሁ ወጥታ ስትደውል ትቀርባላችሁ። ከደለስ የሚወጣው የኤርፖርቱ መንገድ አያስከፍልም። ቀጥሎ ያለው አይ-66 የተባለው አውራ ጎዳና ግን በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ ለሚገባ መኪና ያስከፍላል፣ ዋጋውም እንደ ትራፊኩ ይወጣል ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ካለና ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የተባለውን የመንገድ መክፈያ መሣሪያ ከያዛችሁ ነፃ ነው። እናትን ለመቀበል ብቻውን የሚሄድ ስለማይኖር ይህ ይጠቅማችኋል። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ግን ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ ጠዋት ፈተና ነው፤ ሰዓቱን አስቡበት።

ለራሳችን ስንጓዝ ሌላ ነው። ደለስ ከመሀል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ድሮ ታክሲ ካልያዝን አውቶቡስና ባቡር እየቀያየርን ነበር የምንገባው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ግን ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ ባቡር እዚያው ድረስ ይመጣል። በአንድ ቦርሳ የመጣ ሰው በምድር ውስጥ መተላለፊያው ወደ ጣቢያው ሄዶ፣ ከአሥር ዶላር በታች ከፍሎ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ መሀል ዲሲ ይገባል። አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሮዝሊን ላይ ብሉ ላይን ይይዛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሜትሮ ሴንተር ላይ ሬድ ላይን። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የያዘች እናትን ግን በዚህ አታምጧት።

ናሽናል ለከተማው ከሁሉም ይቀርባል፣ ሜትሮውም በሩ ላይ ነው። ከአትላንታ ወይም ከሚኒያፖሊስ ለሰርግ ለሚመጣ ከእሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በስተቀር ከ1,250 ማይል በላይ በረራ አይፈቀድለትም፤ ከአዲስ አበባም ወደዚያ የሚመጣ የለም። ቦልቲሞር ለሚያርፍ ደግሞ ነፃ አውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያው ያደርሳል፣ ባቡሩም ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ያስገባል። ቅዳሜና እሑድ ማርክ የሚባለው ባቡር ስለሚያንስ ሰዓቱን ቀድሞ ማየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም መንገድና ሰልፍ ለማትችል እናት ቲኬቱን ስትቆርጡ ዊልቸር ጠይቁ። የሚገፋው ሠራተኛ በኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣ አውርዶ እስከ መውጫው ያደርሳል። እናቴ ሁለተኛ ስትመጣ «እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» ብላ እንቢ አለች። «መንገድ የሚያሳይሽ ልጅ ነው» አልኳት። ደለስ ላይ በሩ ሲከፈት የሚገፋት ወጣት አማርኛ ተናጋሪ ኖሮ እያወሩ መጡ፤ ከእኔ በፊት እሱን መርቃ ጨረሰች።